የባዘዘውን አፍ የከፈተች ኪኒን

ሥራነሽ ሮብ ገበያ ከተማ ውስጥ ከእኔ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባሏን ባዘዘውን በሕይወት ሳለ የማውቀው እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው ነው፤ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሹፌር፣ ረዥም፣ ጠይም፣ ሰላምታ የማይነፍግ፣ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ግን የማይወድ። የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። «ሰው የሚያወራው ሌላ ነው፤ አንተ እንደሆነው አድርገህ ጻፈው» አለችኝ።

ባዘዘው የተወለደው ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲወጡ ካለ ቀበሌ፣ ገብስና ድንች ከሚዘራ ቤት ነው። ትምህርቱን ከመሐል አቋርጦ ደብረ ማርቆስ ወረደና ጋራዥ ተቀጠረ፤ ብሎን ሲፈታ፣ ግራሶ ሲለቀለቅ ኖሮ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አምቡላንሱን ሲረከብ አገሬው ደስ አለው። በሐምሌ ጭቃ፣ ሌላው ሹፌር «አያሳልፍም» በሚለው መንገድ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከቃሬዛ ተቀብሎ ደብረ ማርቆስ የሚያደርስ እሱ ነበር። ከሥራነሽም የተዋወቁት እህቷ ልትወልድ ስትወርድ አብራ ተሳፍራ ነው።

«መንገዱን ሙሉ ሲያጫውተን ነበር» አለችኝ። «እህቴ እያማጠች ትስቅ ነበር።»

ያኔ ጨዋታ አዋቂ ነበር ማለት ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ቁስለኛ እንዲያመላልስ ተጠርቶ ዘመተ። ከዚያው ከቀበሌው ተስፋዓለም የሚባል ወጣትም ዘምቶ ነበር፤ የእማሆይ ወለተ ሐዋርያት አንድ ልጅ። እማሆይ ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፍተው፣ ያለቻቸውን ቁራሽ መሬት ልጃቸው እያረሰላቸው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባዘዘው ግራ ጉልበቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ይዞ ተመለሰ። ተስፋዓለም አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም።

እማሆይ በየሮቡ፣ ለገበያ ሲወርዱ፣ በባዘዘው ደጃፍ ያልፋሉ። ግቡ ቢባሉም አይገቡም።

«ባዘዘው ልጄ፣ ዛሬስ ወሬ የለም?»

«የለም እማሆይ።»

«አንተም አላየኸውማ?»

«አላየሁትም።»

«እግዜር ያሳየን» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ባዘዘው ወደ ጓሮ ዞሮ ሲያስመልስ ሥራነሽ ትሰማለች። ጨጓራው ነው ብላ ታስብ ነበር።

ከዘመቻ የመጣው ሰው የሄደው ሰው አልነበረም። ግድግዳ ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነው የሚያሸልበው። መኪናውን መንዳቱን አልተወም፤ ነገር ግን የኋላው በር ሲዘጋ ትከሻው ይዘላል፤ ከኋላ በሽተኛ ሲያቃስት ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ለጉልበቱ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዞለት ነበር። መጀመሪያ በታዘዘው ልክ ወሰደ፤ ቆይቶ ካገኘበት እየገዛ እንደ ቆሎ ይወረውረው ጀመር። ሂዊ የምትባል ትንሽ ልጃቸው አባቷ ሲገባ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ትደበቃለች። እሱም ነይ አይላትም።

በመስቀል ማግስት አንተነህ መጣ። አንተነህ ከባዘዘው ጋር አብሮ የዘመተ ሰው ነው፤ አሁን አዲስ አበባ አንድ ጭፈራ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ይሠራል። ሁለቱ ጠላ ይዘው ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሥራነሽ ልብስ ስታሰጣ ይሰማታል።

«አትተኛም አይደል?» አለ አንተነህ።

«ማን ይተኛል።»

«እኔም አልተኛም ነበር።» ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠሩ ሮዝ ኪኒኖች አወጣ፤ ልብ የሚመስል ምልክት ታትሞባቸዋል። «ኤክስታሲ ይሏታል። የሀብታም ልጆች ሲጨፍሩ ይውጧታል። እኔ ግን ውጬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከጦርነቱ ወዲህ ድምፄን ሰምታ የማታውቀዋ ጋ።»

ባዘዘው አንዷን ጥቂት አየት አደረጋትና በጠላው አወረዳት።

ብዙም አልቆየ፤ ግንባሩ ላብ አወጣ። መንጋጋው እንደሚያመሰኳ በሬ ይንቀሳቀስ ጀመር። የዓይኑ ጥቁር ሰፍቶ ነጩን ሊውጠው ደረሰ። ሥራነሽ ደንግጣ ስትቀርበው እጇን ያዘ።

«እጅሽ እንዲህ ይሞቅ ነበር እንዴ?» አላት። «ሥራነሽ፣ እኔ እኮ አንቺን አላየሁሽም። ከመጣሁ ጀምሮ አላየሁሽም።»

ሂዊን ጠርቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ልጅቱ መጀመሪያ ደርቃ ቀረች፤ ጸጉሯን ቀስ እያለ ሲያሻሻት ደረቱ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው።

ተስፋዓለምን አይቶታል። ሆዱን ተመትቶ፣ ከሁሉም በኋላ የባዘዘው አምቡላንስ ላይ ተጫነ። መንገዱ ይደበደብ ነበር። ተስፋዓለም የሹፌሩን ክፍል ከኋላው የሚለየውን ቆርቆሮ በእጁ እያንኳኳ «ባዘዘው፣ ውኃ» ይላል። ባዘዘው ቢቆም ሌሎቹም ያልቃሉ፤ ቢሰጠውም ውኃ የለውም። ነዳ። ልጁ እያንኳኳ እሱ ነዳ። ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ። ከድብደባው ሲወጡ በሩን ከፈተ፤ ልጁ ሞቷል። ከአንተነህ ጋር ሆነው መንገድ ዳር አንዲት ዋንዛ ሥር ቀበሩት። ባዘዘው ከልጁ አንገት ማዕተቡን ፈታ፤ ለእናቱ ልስጥ ብሎ። የጃኬቱን ገበር ተርትሮ አውጥቶ ለሥራነሽ አሳያት።

«ሲነግረኝ አልተንቀጠቀጠም» አለችኝ ሥራነሽ። «አለቀሰ እንጂ አልፈራም። ያ ነገር ወዲያ ማዶ ቆሞ፣ እሱ ወዲህ ተቀምጦ የሚያየው ነበር የሚመስለው። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ? ባሌን አገኘሁት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አንተነህ በነጋው ሄደ፤ ከኪኒኗ ጥቂት ትቶለት። በሦስተኛው ቀን ባዘዘው ከአልጋ አልነሣም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ ሲቀርብለት ያለቅሳል፤ ለምን እንደሚያለቅስ አያውቅም።

«የነገርኩሽን እንዳልነገርኩሽ አድርጊው» አላት።

«ሮብ እማሆይ ይመጣሉ። ዛሬም አላየሁትም ልትላቸው ነው?»

ሮብ እማሆይ መጥተው ደጃፉ ላይ ሲጠይቁ ባዘዘው አልጋው ላይ ሆኖ ጆሮውን በመዳፉ ሲደፍን አየችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ነገረች፤ እሳቸውም ሽማግሌ ሰበሰቡ።

መርዶው በወጉ ተነገረ። በጥቅምት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎቹና ባዘዘው እማሆይ ቤት ሄዱ። ከቤት ሲወጡ ባዘዘው ከኪኒኖቹ አንዱን አፉ ውስጥ ሲጥል ሥራነሽ አይታለች። ያለ ኪኒኗ እንደማይናገር ስለገባት አልከለከለችውም።

እማሆይ ሰዎቹን ገና ደጅ ቆመው ሲያዩ ገባቸው። መሬት ተቀመጡ። ባዘዘው ከፊታቸው ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው፤ ማዕተቡንም በእጃቸው አኖረ።

«ውኃ ጠይቆ ነበር ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ጠይቆ ነበር።»

«ሰጠኸው?»

«አልነበረኝም እማሆይ።»

እማሆይ ማዕተቡን በመዳፋቸው ጨበጡ። ከዚያ የባዘዘውን ራስ ሳብ አድርገው ግንባሩን ሳሙት። ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው የተጀመረው።

ባዘዘው ያን ሰሞን ተኛ። እንደ ሰው ጋደም ብሎ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኛ። ሥራነሽ አበቃ፣ አለፈ ብላ ለሥላሴ ተሳለች። አላለፈም። ጨለማው ተመልሶ መጣ፤ ከበፊቱም ከፋ። ባዘዘው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበርና አንተነህ ጋ ደወለ። ኪኒኑ በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ በሳሙና ካርቶን ውስጥ ሆኖ መጣ። ሲውጠው ግን እንደ ፊተኛው አልሆነለትም። አንዱ ጥቂት ሙቀት ሰጠው፤ ቀጣዩ መንጋጋውን አስነክሶ፣ ልቡን አስሩጦ፣ ላብ በላብ አድርጎ ብቻ ተወው። ምላሱን ነክሶ አቆሰለ። አንድ ቀን አምቡላንሱን ሲነዳ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ በሽተኛ የምታስታምም ሴት ጮኻ ነው ከገደል ያተረፈቻቸው። ጤና ጣቢያው ቁልፉን ተቀበለው።

ሥራነሽ ያኔ ይዛው ደብረ ማርቆስ ወረደች። ሆስፒታሉ ውስጥ ፍሥሐ የሚባል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አገኙ። ባዘዘው እንቅልፍ እንደሌለው ብቻ ሲናገር፣ ሥራነሽ ከቦርሳዋ አንዱን ሮዝ ኪኒን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፍሥሐ አገላብጦ አየው።

«ይቺ አዲስ ነገር አይደለችም» አለ። «ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመኖች ደም የሚያቆም መድኃኒት ሲፈልጉ በመሐል ያገኟት ናት። የሚፈልጓት ስላልነበረች ተረሳች። በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች፣ አፉ የተዘጋ ሰው ይናገርባታል ብለው ለሕሙማን ሰጧት። ከእነሱ እጅ ወጥታ ጭፈራ ቤት ገባች፤ ሰው ሞተባት፤ ተከለከለች። አሁን ደግሞ ከጦርነት ለተመለሱ ሰዎች ትሆን እንደሆነ እያጠኑ ነው፤ የፈቀደ አገርም አለ፣ ገና ነው ያለም አለ።»

ባዘዘው ቀና አለ። «እንግዲያው መድኃኒት ናታ።»

«እነሱ ዘንድ ልቡ ተመርምሮ፣ ሌላ ምን እንደሚወስድ ተጠይቆ፣ ሐኪም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። ያውም ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። አንተ የዋጥከው ውስጥ ምን እንዳለ አንተም አታውቅ፣ የሸጠልህም አያውቅ።»

«እኔ የማውቀው መናገሬን ነው።»

«ተናግረሃል፤ አልክድህም። ግን የልብህን ጎተራ ባንድ ቀን ነው የምትገለብጥልህ። ያን ቀን ትጠግባለህ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚቀር እህል የለም። በላይ በላዩ ስትውጥ ደግሞ ጎተራው ራሱ ይፈርሳል።» ፍሥሐ ወደ ጉልበቱ ተመለከተ። «ለዚህ ምን ትወስዳለህ?»

«ትራማዶል።»

ፍሥሐ ኪኒኑን ከእጁ አስቀመጠ። «ስማኝ ወንድሜ። ሁለቱ አንጎል ውስጥ ገብተው የሚነካኩት አንድ ቦታ ነው። አንድ ላይ ከሆኑ ሰውነት እንደ እሳት ይነዳል፣ ጡንቻ እንደ ግንድ ይደርቃል፣ ይጥልሃል። እዚህ ደግሞ ያን እሳት የምናጠፋበት ብዙ ነገር የለንም። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትወስድ። ትራማዶሉንም ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን፤ አንተ ብቻ ና።»

ባዘዘው እሺ አለ፤ እሺ ያለውም ከልቡ ነበር። ኅዳርንና ታኅሣሥን በቀጠሮው እየወረደ ከፍሥሐ ጋር ይነጋገር ነበር። ንግግሩ አዝጋሚ ነው። አንዳንዴ ሁለት ቃል ተናግሮ ይመለሳል። ግን ሂዊን ትምህርት ቤት ያደርሳት ጀመር፤ እጇን ይዞ።

ጥር ላይ የተስፋዓለም ተዝካር ደረሰ። እማሆይ ባዘዘው ቤት መጡ፤ ያን ዕለት ገብተው ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው» አሉት። «ልጄን ‹ከድቶ ነው የጠፋው› የሚሉ አሉ። በፊቴ አይሉም፤ ግን እሰማለሁ። በዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እንዴት እንደሞተ ንገርልኝ። እዚህ አገር ካንተ በቀር ያየው የለም።»

«እሺ እማሆይ» አላቸው።

እሳቸው ሲወጡ ሥራነሽ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። «አልችልም በላቸው፤ ይገባቸዋል» አለችው። «ፍሥሐም ገና ነው ብሎሃል።» ባዘዘው ግን አንገቱን ነቀነቀ። ለእኒያ ሴት ሁለተኛ አላየሁም አልልም አላት።

የተዝካሩ ቀን ውርጭ ነበር። ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። መኪና ከሚቆምበት እስከ እማሆይ ቤት ዳገቱ በእግር ነው። ባዘዘው ጉልበቱ ስላመመው ጠዋት ትራማዶል ውጦ ነበር፤ ዳገቱ መሐል ቆሞ ደገመ። ሥራነሽ እሱን አይታለች። ከጃኬቱ ገበር ያወጣውን ግን አላየችም።

ፍትሐቱ አልቆ፣ ሰው ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቄሱ ባዘዘውን ሲጠሩት ብድግ አለ። ሥራነሽ ዓይኑን ያየችው ያኔ ነው። ጥቁሩ ሰፍቷል። ተነሥታ ልትጎትተው ቃጣት፤ እሱ መናገር ጀምሮ ነበር።

በደንብ ተናገረ። ድምፁ አልተቆራረጠም። ተስፋዓለም የት እንደተመታ፣ ማንን ሊያወጣ ሲል እንደተመታ፣ የት እንደተቀበረ፣ ዋንዛዋ በየትኛው በኩል እንዳለች ተናገረ። «ከድቷል ያለ ሰው እኔን ይጠይቀኝ፤ እነዚህ እጆች ናቸው የቀበሩት» አለ። እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከተቀመጠ በኋላ ትንሽ ቆይቶ እግሮቹ ይዘሉ ጀመር። ከዚያ መላ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ። ሰዎች ብርድ መታው ብለው ጋቢ ደረቡበት፤ በላዩ ሌላ ጋቢ ጨመሩ። ሥራነሽ ሰው እየገፋች ደርሳ ብትነካው ሰውነቱ ይፋጃል።

«አውልቁለት» አለች። «እሳት ነው እሱን የያዘው። አውልቁለት።»

«በዚህ ብርድ? ልትገድይው ነው?» አሏት። ጋቢውን ከእጃቸው እየነጠቀች ጣለች። መንጋጋው ተቆልፏል፤ ስሙን ብትጠራው አያውቃትም፤ ከዚያም ጣለው። ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ጠበል አመጡና አፈሰሱበት። በኋላ ፍሥሐ፣ ያን ቀን ከተደረገለት ሁሉ የጠቀመው ያ ቀዝቃዛ ውኃ ነው ብሏታል።

በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወረዱት። ለተዝካሩ ሰው ያመጣ ሚኒባስ ነበር፤ እሱ ላይ ጫኑት። እማሆይ አልመለስም ብለው አብረው ገቡ። ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ በያዙት ውኃ ነጠላቸውን እያረጠቡ ፊቱን ያብሱት ነበር። መስኮቱን ሁሉ ከፍተውት፣ ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ እሱ ብቻውን እንደ እሳት ይነዳል።

ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ተረኛዋ ሐኪም የወሰደው ነገር ካለ ጠየቀች። አብሮ የተሳፈረው የባዘዘው ታላቅ ወንድም የሥራነሽን ነጠላ ያዘ።

«ምንም አልወሰደም። በወንድሜ ላይ በሞቱ ስም አታውጪበት።»

«አልሞተም ገና» አለችው፤ ለሐኪሟም ሁለቱንም ኪኒኖች በስማቸው ነገረቻት።

ሙቀቱ አርባ ሁለት ደርሶ ነበር። ልብሱን አውልቀው በእርጥብ አንሶላ ሸፈኑት፤ የሚያረጋጋ መርፌ ወጉት፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጡት። ፍሥሐ ሰምቶ መጥቶ ሌሊቱን አልተለየውም። ሙቀቱ ወረደ፤ ግን የረፈደ ነበር። ጡንቻው እየሟሟ ወደ ደሙ ገብቶ ኩላሊቱን ዘጋው፤ ሽንቱ የቡና ውኃ መሰለ። ወደ ባሕር ዳር ይወሰድ ቢባልም መንገዱ ያን ሰሞን ዝግ ነበር። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሞተ። አልነቃም፤ የተናገረውም ነገር የለም።

ሬሳው ቀበሌው ሲደርስ ወሬው ቀድሞ ደርሷል። መርዝ ውጦ ነው፤ ራሱን ነው ያጠፋው ተባለ። ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ቄሱ ሥራነሽን ከሬሳው አጠገብ አስነሥተው ጠየቋት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ፈልጎ ነው የዋጠው?»

«ሊሞት አልዋጠም አባ» አለች። «ሊናገር ነው የዋጠው። ያለዚያ አልናገር ብሎት።»

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ነኝ ተናገር ያልኩት» አሉ። «ስለ ልጄ ሲል ነው የሞተው። ለእሱ ፍትሐት ከሌለ ለልጄ የተደረገውንም መልሱልኝ።»

ቄሱ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አላነሡም። ባዘዘው በወጉ ተቀበረ።

አንተነህ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ዘግይቶ ነው። ደጅ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሥራነሽ ልትሰድበው ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ጠፋባት። ከስቷል። መንጋጋው ሥራ አልፈታም፤ ጥርሱን ያፋጫል።

«ምን ነበረበት ያ ኪኒን?» አለችው።

«አላውቅም። እኔም ሰው ነው የሚሰጠኝ።»

«እናትህ ጋ ትደውላለህ አሁንም?»

«አልደውልም» አለ። «አሁን ስውጠውም አይሆንልኝም።»

ሆስፒታሉ ውስጥ የምታውቀው ሰው እንዳለ፣ ነገ አብረው እንዲወርዱ ነገረችው። እሺ አለ። ጠዋት ስትነሣ መደቡ ባዶ ነበር፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዷል። ስልኩ ከዚያ ወዲህ አይጠራም።

ሥራነሽ ማስተማሩን ቀጥላለች። አንዳንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሴቶች የትምህርት ቤቱ አጥር ዘንድ ይጠብቋታል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሌ አይተኛም» ይሏታል፤ «ልጄ ከመጣ ጀምሮ አይናገርም» ይሏታል። አንዷም ባሏ ሲውጠው ያገኘችውን ኪኒን በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ነበር፤ ያኛው ሰማያዊ ነው። ሥራነሽ ሁሉንም ወደ ፍሥሐ ትልካለች። የሚሄዱ አሉ። የሚበዙት አይሄዱም፤ ወይ ሰው ያየናል ብለው፣ ወይ መንገዱ ተዘግቶ።